ወርዶ መሳፈር ያልሆነለት ሰው

ስለ ከተማ ትራንስፖርት ሳወራ የሰማኝ ሰው ትልቅ ቦታ የምሠራ ይመስለዋል። ቡና ላይ ተደላድዬ እቀመጥና፣ "የዚህ ከተማ ችግር የመኪና ማነስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው የሚሰቃየው ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ሲሳፈር ነው" እላለሁ። ጠረጴዛው ዝም ይላል። ያኔ ጣቴን እያጠፍኩ እዘረዝራለሁ፦ በሁለቱ መካከል ያለው የእግር መንገድ ይጠር፤ ክፍያው አንድ ይሁን፤ መጠበቂያው ጥላ ይኑረው፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ይነገር፤ ሽንት ቤትም አይረሳ። ሽንት ቤቱን ሁሌ መጨረሻ ላይ የማመጣው ሆን ብዬ ነው፤ አድማጭ የሚስቀውም፣ የሚያምነኝም እዚያ ላይ ነው። አንዳንዴ የቡናዬን ሒሳብ የሚከፍልልኝም አይጠፋም።

ከዚያ ተነስቼ ወደ ቤቴ ስሄድ መገናኛ ላይ እወርዳለሁ፤ እሰለፋለሁ፤ ስልኬን እየነካካሁ ሰልፉ በገፋኝ መጠን ወደፊት እላለሁ፤ የታክሲው በር ላይ ስደርስ ረዳቱ "ኮተቤ! ኮተቤ!" ይላል። ቤቴ ጎሮ ነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው። አንድ የጾም ሰሞን ይህንኑ ለንስሐ አባቴ ልናዘዝ ሞክሬ ነበር። "ሰልፍ ሰብሬያለሁ፤ ዝርዝር ብር እያለኝ የለኝም ብያለሁ፤ ወንበር ላለመልቀቅ እንቅልፍ የወሰደኝ መስያለሁ" አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና "ሌላስ?" አሉኝ። ዋናው ነገር ገና ያልመጣ መስሏቸው ነው። ሌላ የለም። የእኔ ኃጢአት ከአንዱ መኪና ወርጄ ሌላው ላይ እስክሳፈር ባለችው ጊዜ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ነው፤ አንዴ ወንበር ካገኘሁ በኋላ እንደኔ ያለ ጨዋ ሰው የለም።

ትራንስፖርት የሚያቅዱ ባለሙያዎች ካወቁት የቆየ አንድ ነገር አለ፤ ለተሳፋሪ ደቂቃ ሁሉ እኩል አይደለም። መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚያልፍ ደቂቃ ያው አንድ ደቂቃ ነው። ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚጠበቀው ግን በስሌታቸው ሁለት ያህል ሆኖ ይያዛል። ወርዶ መቀየሩ ራሱ፣ ሌላው መኪና በሩን ከፍቶ ቢጠብቅ እንኳ፣ በላዩ ላይ የሚጨመር ቅጣት አለው፤ ሰው መቀየር አይወድማ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ለጤና የሚመከር አልነበረም። ስንፍናዬ ቀመር ወጥቶለታል! ከዚያን ቀን ወዲህ የማደርገውን ሁሉ በሳይንስ ነው የማደርገው።

ለምሳሌ ሥራዬ ሳሪስ ነው። ከጎሮ መገናኛ በታክሲ፣ ከመገናኛ ስታዲየም በባቡር፣ ከስታዲየም ሳሪስ በሌላ ባቡር መሄድ ይቻላል። ሁለት ጊዜ መቀየር ይጠይቃል። ሌላው አማራጭ መገናኛ ላይ በቀለበት መንገድ ዞሮ ሳሪስ የሚያደርስ ታክሲ ጠብቆ፣ ተጋፍቶ፣ አንዴ ከተቀመጡ ወዲያ ስለምንም አለማሰብ ነው። እኔ የቱን እንደምመርጥ መናገር አያስፈልግም። ቦሌ አካባቢ ስንደርስ መንገዱ ይዘጋል። ሾፌሩ ሞተር ያጠፋል፤ በመስኮት ማስቲካና ሶፍት ይሸጥልናል፤ ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ ስለ ኑሮ ውድነት ጀምሮ ስለ ልጁ ትዳር ይጨርሳል። እኔ በልቤ ባቡሩን እከተለዋለሁ፤ አሁን ላንቻ ደርሷል፣ አሁን ንፋስ ስልክን አልፏል፣ አሁን አደይ አበባ ነው። ቢሮ ስገባ አርፍጃለሁ፤ አለቃዬ ሰዓቱን ያያል። "መንገድ" እላለሁ። ያላልኩት፣ መንገዱን የመረጥኩት እኔ መሆኔን ነው።

ስለ ባቡሩ ሳወራ ግን ሌላ ሰው ነኝ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የምሥራቅ–ምዕራቡም ጥቅምት 29 ቀን ሲከተል፣ ሠፈሩን ሁሉ ሰብስቤ ያስረዳሁ እኔ ነኝ። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፤ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ 39 ጣቢያ። ዋናው ጥበቡ መሐሉ ላይ ነው። ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃርና ስታዲየም ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። አረንጓዴው ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ ነው፤ ሰማያዊው የሰሜን–ደቡብ። ከጦር ኃይሎች መጥቶ ሳሪስ የሚሄድ ሰው ከአረንጓዴው ይወርድና ከቆመበት ንቅንቅ ሳይል ሰማያዊውን ይጠብቃል። መንገድ መሻገር የለ፣ ዝናብ መመታት የለ። "ሕፃን ልጅ አይጠፋበትም" ብያለሁ፤ ምስክሮች አሉ።

እኔ ጠፋሁበት። አንድ ጠዋት የቀለበት መንገዱ ታክሲ አልመጣ ሲል፣ ሳልወድ በግዴ መገናኛ ላይ አረንጓዴውን ተሳፈርኩ። ስታዲየም ወረድኩ። ወርጄም ከቆምኩበት ንቅንቅ ሳልል ቆየሁ፤ ያስተማርኩት እንደሱ ነዋ። ሰማያዊ ባቡር መጣ። ኩራት እየተሰማኝ ገባሁ። እዚህ ላይ ለሠፈሩ ሳስረዳ የዘለልኩትን ነገር ልናገር፤ ንቅንቅ አለማለት የሚሠራው ከጦር ኃይሎች ለሚመጣ ነው። ከመገናኛ የሚመጣ ሰው ወደ ሳሪስ የሚወስደው ባቡር የሚመጣው ከፊት ለፊት፣ በሌላኛው ሐዲድ፣ አፍንጫውን ወደመጣንበት አዙሮ ነው። ቀለሙን ሸምድጄ አቅጣጫውን ረስቼዋለሁ። አጠገቤ የቆመች ደብተር የያዘች ልጅ "ጋሼ፣ ቃሊቲ ከሆኑ በዚያኛው ነው" ብላኝ ነበር። ፈገግ አልኩላት። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች ብዬ ነው።

ሜክሲኮ አለፈ፤ ተግባረ ዕድ አለፈ። ልደታ ስንደርስ ትንሽ ጠረጠርኩ፤ ግን ባቡር የሞላው ሰው ፊት "የት ነው የምንሄደው?" ብሎ መጠየቅ ለእኔ ዓይነቱ ምሁር ሞት ነው። አብነት ላይም ዝም አልኩ። የወረድኩት አውቶቡስ ተራ ነው። ገና ከጣቢያው እግሬን ሳላወጣ አንድ ጎረምሳ የላፕቶፕ ቦርሳዬን ነጥቆ "ደሴ ነህ ጎንደር?" አለኝ። "ሳሪስ" አልኩት። ቦርሳዬን መልሶልኝ ለጓደኛው አሳየኝ። ከዚያ አንድ ሴትዮ መጥተው በደግነት ባቡሩን መልሼ እንድይዝ መከሩኝ፤ ስንት እንደሚያስከፍልም ነገሩኝ። አመስግኜ ኮንትራት ታክሲ ያዝኩ። ባቡሩ ሲጀምር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ነበር ታሪፉ። ለኮንትራቱ የከፈልኩትን ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ እዚህም አልናገርም፤ ታነበዋለች።

ለዚህ ሁሉ ሰበብ አጥቼ አላውቅም። ምልክት የለም እላለሁ፤ ያለውን አንብቤ ባላውቅም። ባቡር ቶሎ አይመጣም እላለሁ። ይህኛው ሰበብ እንኳ መሬት የያዘ ነው፤ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው መጠበቁ እየረዘመ መጣ። መቀየር ደግሞ የሚቀለው ቀጣዩ ቶሎ ሲመጣ ነው፤ ባቡር በየአምስት ደቂቃው ከመጣ ሰው የጊዜ ሰሌዳ ባይኖርም ግድ የለውም፤ በየሰላሳ ደቂቃው ከሆነ ግን ወርቅ ጣቢያ ቢሠራለት ያማርራል። ይህን ነጥብ ቡና ላይ ሳነሳው በጣም ያምርብኛል። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ባቡሮቹ አዲስ ሳሉ፣ ቶሎ ቶሎ ሲመጡም እኔ ቦሌ መንገድ ላይ ሞተር ጠፍቶብኝ ነበር።

ስለ ክፍያም ልናዘዝ። "ክፍያው አንድ ይሁን" የምለው ሰውዬ፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ሒሳብ!" ሲል መጀመሪያ የማደርገው በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ነው። ሁለተኛ ሲመጣ ድፍን ሁለት መቶ ብር አወጣለሁ። "ዝርዝር የለህም?" ይለኛል። አለኝ፤ በግራ ኪሴ ነው። ለቀጣዩ ታክሲ ያስቀመጥኩት ነው። ቀጣዩ ታክሲ ላይ ስደርስ ደግሞ ለሚከተለው አስቀምጠዋለሁ። ረዳቱ መልስ ፍለጋ ከፊት እስከ ኋላ ሰው ያስቸግራል፤ መኪናው ፌርማታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ይነፋል፤ ወርደው ሌላ ለመያዝ የሚጣደፉ ሰዎች ሰዓታቸውን ያያሉ። ሰው የሚቸኩልበትን ሰዓት የሚያባክነው ማን እንደሆነ ጥናት ቢደረግ ፎቶዬ ሽፋን ላይ ይወጣል። ቴሌብር ይህን ሁሉ ያቃልላል ብለው ጫኑልኝ። የሚስጥር ቁጥሩን ረሳሁት።

ድሬዳዋ ለሠርግ የሄድኩ ጊዜ የሆነውን ሠርገኞቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል። የጅቡቲው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በቴሌቪዥን ተከታትዬዋለሁ። ስለዚህ በአውቶቡስ የሚሄዱትን ዘመዶቼን ንቄ "እኔ በባቡር ነኝ" አልኩ። ዕቅዴን ማየት ነበረባችሁ። ቀላሉን ባቡር ይዤ ለገሃር እወርዳለሁ፤ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ጥቂት እርምጃ እራመዳለሁ፤ ትልቁን ባቡር እሳፈራለሁ። ባቡር ከባቡር! በማለዳ ሄድኩ፤ ለገሃር ወረድኩ፤ የይሁዳ አንበሳ ሐውልቱን አልፌ የድሮው ጣቢያ በር ላይ ቆምኩ። ዘበኛው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አዩኝ፤ ሻንጣዬን አዩ፤ መልሰው እኔን አዩ። "ልጄ፣ ማንን ፈልገህ ነው?" አሉኝ። "ባቡር።" ለአፍታ ዝም አሉ። እንደሚያዝኑልኝ ያስታውቃል።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ እዚያ ነበር የሚያበቃው። የአዲሱ ባቡር ተሳፋሪ የሚነሳው ግን ከከተማው ጫፍ ከለቡ ነው። የከተማው ባቡር የሚቆመው የአገር አቋራጭ ባቡር በሌለበት ለገሃር ነው፤ የአገር አቋራጩ ባቡር የሚነሳው የከተማው ባቡር በማይደርስበት ለቡ። ይህን አለመናበብ ከዚያ በፊት ቡና ላይ ስንት ጊዜ በምሳሌነት ጠቅሼዋለሁ! በቃሌ የማውቀው ነገር ነው። ሻንጣዬን ይዤ እስክወጣ ድረስ ግን እኔንም እንደሚመለከት አልመጣልኝም። ለሠርጉ የደረስኩት በመልሱ ቀን ነው።

እንግዲህ ሁሉንም በአዲስ አበባ ላይ ማላከክ እችል ነበር፤ ለዓመታትም አላክኬያለሁ። ያንን ሰበብ ያጠፋብኝ የአሜሪካ ጉዞ ነው። የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን ከፍ ብሎ፣ አበሻ ከሞላበት ሠፈር ነው። እዚያ ባለ ሦስት ደርብ የመቀየሪያ ጣቢያ አለ፤ የተከፈተው የእኛ ቀላል ባቡር በጀመረበት በዚያው በ2008 መስከረም ነው። ቡና ላይ የምዘረዝረው ሁሉ ተገንብቶ ጠበቀኝ ማለት ይቻላል። አውቶቡሶቹ ከታች በየቁጥራቸው ይቆማሉ፤ ባቡሩ እዚያው ነው፤ ጣራ አለ፤ ደቂቃ የሚቆጥር ሰሌዳ አለ፤ በአንድ ካርድ አውቶቡሱም ባቡሩም ይከፈላል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ለሚቀይር ቅናሽ አለው። የአክስቴ ልጅ ካርዱን ሰጥታኝ "መሐል ከተማ ለመሄድ ቀዩ መስመር ነው፤ ሼዲ ግሮቭ የሚለውን ያዝ፤ ላስከትልህ?" አለችኝ። ሳቅኩባት። ከመርካቶ የመጣሁ ሰው ነኝ!

ቀዩ መስመር ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ነው፤ ሁለቱም ጫፎቹ ሜሪላንድ ውስጥ ናቸው፤ መሐል ከተማው ታች ሆዱ ላይ ነው። ካርታውን አየሁ። ሼዲ ግሮቭ ከላይ በግራ በኩል የትና የት ነው። "እኔ ወደ ታች ነኝ፤ እዚያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ልጅቷ ተሳስታለች" አልኩና በተቃራኒው ግሌንሞንት የሚለውን ገባሁ። ፎረስት ግሌን የሚባለው ጣቢያ ከመሬት በታች 60 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ስንደርስ ሰው አነሰ። ዊተን ስንደርስ ልቤ ፈራና ወረድኩ። አሁን የሚጠበቅብኝ ባለሁበት ወለል ወደ ማዶው መሻገር ብቻ ነበር። ጠፋሁ ብሎ የደነገጠ ሰው ግን ሰማይ ማየት ያምረዋል፤ ወደ ላይ ወጣሁ። የዊተን ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ እሱን የሚያክል የለም። በግራ በኩል ቆሜ ነበር የወጣሁት። እዚያ አገር በግራ የሚወጣው የሚቸኩል ሰው ነው፤ ከኋላዬ የተጠራቀመውን ሰው ያየሁት ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። በመውጫው ከካርዴ ሒሳብ ተቆረጠ። ስልክ ደወልኩላት። "የት ነህ?" አለችኝ። "ዊተን።" "ዊተን ምን ትሠራለህ?" መልስ አልነበረኝም። ሰሌዳውን፣ ካርዱን፣ ጣራውን፣ ዘመዴን፣ ሁሉንም አግኝቼ ነበር።

አገሬ ተመልሼ የማወራው ግን ስለ ካርዱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ ወደ ሰልፉ። የታክሲ ሰልፍ ገመድ የለው፣ ቀለም የተቀባ መስመር የለው፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሱቅ በር ላይ ይታጠፋል፣ መንገድ ያቋርጣል፤ ግን ማን ከማን ቀጥሎ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ተራ አስከባሪዎቹን ቡና ላይ "ለምን ያስፈልጋሉ?" ብዬ የምተቻቸው እኔ፣ መገናኛ በደረስኩ ቁጥር "ጎሮ የቱ ጋ ነው?" ብዬ የምጠይቀው እነሱኑ ነው። ታዲያ ሰልፉ ሲረዝም እኔ መሰለፍ አይሆንልኝም። ዘዴ አለኝ። ከፊት ካሉት ውስጥ ፊቱ ደግ የሆነ ሰው እመርጣለሁ። ከዚያ እጄን ዘርግቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ጠፋህ እኮ! ቤተሰብ ደህና?" እላለሁ። የእኛ ሰው ሰላም ያለውን ሰው "አላውቅህም" ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። እሱ እኔን ለማስታወስ ሲታገል ታክሲው ይመጣል፤ አብረን እንገባለን። ዐይኔን በጨው አጥቤ ስንት ዓመት ኖርኩበት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመረጥኩት ፊት የአንዲት አሮጊት ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከሾላ ገበያ የተሞላ ትልቅ ዘንቢል እግራቸው ሥር አስቀምጠው የሰልፉ መጀመሪያ አካባቢ ቆመዋል። "እማማ! እንዴት ሰነበቱ?" አልኩ።

"እንዴት ሰነበትክ የኔ ጌታ! እናትህ ደህና ናት? ወገቧን ተሻላት?"

እናቴ ወገቧን ታምማ አታውቅም። "ተሻላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ከኋላችን የነበረ ጎረምሳ "ወንድም፣ ሰልፍ አለ" አለኝ። እማማ ዞር ብለው "ልጄ ነው" አሉት፤ ዝም አለ። ወዲያው "በል እንካ" ብለው ዘንቢሉን አሸከሙኝ። ከውስጡ ዶሮ ጮኸች።

ታክሲው ውስጥ እማማ በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ያዙ፤ እኔን ዘንቢሉን ይዤ ከኋላ አስቀመጡኝ። ረዳቱ "ሒሳብ" ሳይል ከመሐረባቸው ጫፍ አንዱን ቋጠሮ ፈትተው ልክ ልኩን ሰጡት። መሐረቡ ላይ ሌሎች ሁለት ቋጠሮዎች አየሁ። "አደባባዩን ሳታልፍ፣ የሰሚት ታክሲዎች የሚቆሙበት ጋ ጣለኝ ልጄ" አሉት። ጃክሮስ ስንቃረብ ወደ እኔ ዞረው "ወራጅ በል" አሉኝ። ሌላው ድክመቴ ይሄ ነው፤ ሰው መሐል ድምፄ አይወጣም። "ወራጅ" አልኩ፤ ዶሮዋ ብቻ ሰማችኝ። እማማ "ወራጅ አለ!" ሲሉ ሾፌሩ ፍሬን ላይ ቆመ።

"እማማ፣ እኔ እኮ ጎሮ ነኝ" አልኩ በለሆሳስ። ያ ጎረምሳ ከኋላ ወንበር አፈጠጠብኝ። እናቱን ዘንቢል አስታቅፎ የሚሄድ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ወረድኩ።

የወረድነው ከሰሚት ታክሲዎች ጭራ ላይ ነው፤ አሥር እርምጃ እንኳ አልተራመድንም። ተራ አስከባሪው ሲያያቸው "እማማ፣ ጥላው ሥር ይቁሙ፤ ይቺ ሞልታለች፣ ከሷ ቀጥላ ያለችው ናት የእርስዎ" አላቸው። "ከመገናኛ ሰሚት ቀጥታ የሚሄድ ታክሲ የለም እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "አለ እንጂ። ሰልፉን አላየኸውም? እነሱ ቆመው ሲጠብቁ እኔ ሁለት ጊዜ ቀይሬ ቤቴ ገብቼ ቡና አፍልቻለሁ" አሉኝ። ከዚያ ዘንቢሉን እንድጠብቅ ነግረውኝ አጠገባችን ያለች ሻይ ቤት ጎራ አሉ፤ "ልጅቷ ሽንት ቤት ታስገባኛለች" ብለው። ቆሜ ሳላስበው ጣቴን ማጠፍ ጀምሬ ነበር፤ አምስተኛውን ሳጥፍ አፈርኩ።

ሁለተኛው ቋጠሮ ሰሚት አደረሰን። ሦስተኛው የባጃጅ ነበር፤ የእኔን ግን አልጨመረም። ለባጃጁ ድፍን ሁለት መቶ ብር ሳወጣ እማማ "በግራ ኪስህ ያለውን ስጠው፤ ስትቀመጥ ሲንሿሿ ሰምቼዋለሁ" አሉኝ። ሰጠሁት።

በራቸው ላይ ደርሰን ዘንቢሉን ሳስቀምጥ ወገቤን ይዤ ቀና አልኩ። "እናቴን ከየት ነው የሚያውቋት?" አልኳቸው፤ አሁንም ትወናዬን አልጣልኩም።

"አላውቃትም" አሉኝ። "አንተንም አላውቅህም። ዘንቢሉ ከብዶኝ ቆሜ ሳለ ዐይንህ ሰልፉ ላይ ሲንከራተት አየሁህና፣ ምነው ወደ እኔ በመጣ አልኩ።" የበሩን ቁልፍ እየፈለጉ ቀጠሉ፤ "ማክሰኞም በዚሁ ሰዓት ከሾላ እመለሳለሁ። ሰልፉ ከረዘመብህ ሰላም በለኝ።"

ማክሰኞ መገናኛ ስደርስ ሰልፉ ከሱቆቹ አልፎ ታጥፏል። የምሰለፍበትን ጫፍ ፍለጋ ጥቂት ሄድኩ፤ ተመለስኩ። እማማ ከፊት ናቸው፤ ዘንቢሉ የቅዳሜውን እጥፍ ያክላል።

"እማማ!" አልኩ። "እንዴት ሰነበቱ?"